«ለዋጋው ጥሩ ነው» ብዬ የፈረምኩበት ላፕቶፕ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ላፕቶፕ ሸለሙኝ። ቢቸና፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያገለገልኩበት መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ንግግር ተደረገ፤ ለስላሳ ተከፈተ፤ ዳቦ ተቆረሰ። ካርቶኑን ሲያስረክቡኝ እጅ ነስቶ መቀመጥ ነበር ወጉ። እኔ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። ክዳኑን በአንድ ጥግ ይዤ ሳነሳው ስክሪኑ ተጣመመ። የቁልፎቹን መሐል በአውራ ጣቴ ስጫነው ወደ ውስጥ ሰመጠ። ገልብጬ አየሁት፤ ባትሪው እንዲወጣ ተደርጎ አልተሠራም። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በእኔ ቦታ የተመደበው ባለሙያ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ፣ «ጋሽ ይትባረክ፣ ለዋጋው እኮ ጥሩ ነው» አለኝ።

ልጁ ምንም አላጠፋም። ግን ደሜ ፈላ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። ያንን ቃል ከእሱ በፊት እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ፤ በቃለ ጉባኤ ላይ፣ በፊርማዬ፣ ማኅተም አስመትቼ። በዚያ ቃል የተነሳ የአንዲት ሴት ስም ጠፋ። አሁን ደግሞ በየስልኩ ቪዲዮ ላይ ላፕቶፕ እየገለጡ «ይህን ግዙ፣ ለዋጋው ጥሩ ነው» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ከምን ጋር አስተያይተው ጥሩ እንዳሉት ግን አንዳቸውም ሲናገሩ አልሰማሁም። ዝም ብዬ ልሞት ነበር፤ እነሱ አስነሱኝ።

ሥራ የጀመርኩት ሞጣ ነው። ደርግ በወደቀ ማግሥት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የጽሕፈት መኪና በሚጠግን ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። አለቃዬ አቶ ፈንታ ይባላሉ፤ ሁላችንም አያ ፈንታ እንላቸው ነበር። ቁጡ ሰው ናቸው፤ የእኔም ቁጣ ከእሳቸው የተጋባብኝ ይመስለኛል።

አያ ፈንታ የተበላሸ መኪና ሲመጣላቸው ቶሎ አይፈቱትም። በመጀመሪያ ይዞት የመጣውን ጸሐፊ ወንበር ሰጥተው፣ «በል እንደ ልማድህ ጻፍ» ይሉታል። ከኋላው ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ፊደሏ ወረቀቱን የምትመታበት ድምፅ፣ መስመር ሲያልቅ የምትጮኸው ደወል፣ ጎማው ጥቅል ሲዞር የሚያሰማው መንቋቋት፣ ሁሉም ለእሳቸው ንግግር ነበር። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ይፈታሉ። የተሰበረውን ዕቃ አይጥሉትም። በሲባጎ አስረው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉትና በብጣሽ ወረቀት የየትኛው ክፍል መኪና እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ምን እንደሰበረው ይጽፉበታል። መጽሐፋቸው ያ ግድግዳ ነበር።

አዲስ መኪና ሊገዛ ሲታሰብም አስተያየት የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ የማልረሳው አንድ ልማድ ነበራቸው። ክፍላችን ውስጥ ከንጉሡ ዘመን የተረፈች አንድ ከባድ የብረት መኪና ነበረች። «ሚዛን» ነበር የሚሏት። የሚመጣውን አዲስ መኪና ሁሉ ከእሷ ጎን ያስቀምጡና ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ያስጽፋሉ፤ በመካከል ካርቦን ወረቀት እየገባ፣ አምስት ቅጂ።

አንድ ጊዜ ቀላል፣ ያማረ፣ ገላው ፕላስቲክ የሆነ መኪና መጣ። ያመጣው የግዥ ሠራተኛ ዋናውን ወረቀት መዞ ጥራቱን ሊያሳየን አነሳው። በእውነት ያምር ነበር። አያ ፈንታ ዞር ብለውም አላዩት።

«ዋናውንማ ማንም ይጽፈዋል። አምስተኛዋን አሳየኝ» አሉት።

አምስተኛዋ ቅጂ ግማሹ አይነበብም ነበር። የሚዛን አምስተኛ ቅጂ ግን ፈዘዝ ብሎ እስከ መጨረሻው ቃል ይነበባል። ሰውየው ለአምስተኛ ቅጂ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ያደርጋል ብሎ ተከራከረ። አያ ፈንታ ያን ቀን የተቆጡትን ቁጣ አልረሳውም። ዋናው ደብዳቤ ለኃላፊው ይሄዳል፤ ሁለተኛው ለበላይ አካል፣ ሦስተኛው ለገንዘብ ቤት፣ አራተኛው ለመዝገብ ቤት። አምስተኛዋ የምትደርሰው ለባለጉዳዩ ነው። የማይነበብ ወረቀት ይዞ ከሞጣ ማርቆስ የሚንከራተተው እሱ ነው። የርካሽ ዕቃን ጉድለት ኃላፊው እንደማያየው፣ ከታች ያለው እንደሚከፍለው ያኔ ገባኝ። የገባኝ መስሎኝ ነበር ማለት ይሻላል።

ሰውየው ሲወጣ፣ «አዲስ እኮ ነው አያ ፈንታ» አለ በቅሬታ።

«አዲስነቱ ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላስ?» አሉት። ቀጥለውም፣ «በሬ ስትገዛ ከደህናው በሬህ ጋር ታስተያያለህ እንጂ ከጎረቤትህ ከሲታ በሬ ጋር ታስተያያለህ ዋይ?» አሉ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ርካሹን ከሌላ ርካሽ ጋር አስተያይቶ «ይሻላል» ማለት የሰነፍ ሥራ ነው። ባለህ ገንዘብ ልታገኝ ከምትችለው ደህና ዕቃ ጋር፣ ያረጀ ሞዴልም ቢሆን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ማሠራት አለብህ።

ኮምፒውተር ሲመጣ የጽሕፈት መኪናው ዘመን አበቃ። ክፍላችን ተዘጋ፤ አያ ፈንታ ጡረታ ወጡ፤ እኔ በክረምት ትምህርት ዲፕሎማዬን ይዤ ቢቸና ተዛወርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ የመሥሪያ ቤቱን ብቸኛ ኮምፒውተር የጥልፍ ልብስ አልብሶ፣ ክፍሉን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው ላገኘው ሰው ሁሉ ያስነካል። ከሁለቱም ጋር ተስማምቼ ሠራሁ። በሦስተኛው ዘመን የአይሲቲ ባለሙያ የሚል መጠሪያ ተሰጠኝ፤ የራሴ ጠረጴዛና የራሴ ማኅተም መጣ። ልቤ ማበጥ የጀመረው ያኔ ነው።

አንድ ዓመት ለመስክ ሠራተኞች ላፕቶፕ እንዲገዛ ተወሰነ። መገምገሚያውን የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ። ቁጭ ብዬ የነጥብ መስጫ ቅጽ አወጣሁ፤ ያን ጊዜ እንደሱ የኮራሁበት ሥራ አልነበረኝም። ለተመረተበት ዘመን ነጥብ አለው፤ ለቅጥነቱ ነጥብ አለው፤ ለክብደቱ፣ ባትሪው ይቆያል ተብሎ ለተጻፈው ሰዓት፣ ሁሉም ነጥብ አለው። ሲሰበር ይጠገናል ወይ፣ የሚል ረድፍ የለውም። ማን ይጠቀምበታል፣ የት ይዞት ይሄዳል፣ የሚልም የለውም። አያ ፈንታ ዘንድ ስንት ዓመት ቆሜ የተማርኩትን አንዱንም አላስገባሁበትም። የጽሕፈት መኪና ትምህርት ያለፈበት ዕውቀት መስሎ ታየኝ። ያፈርኩበት ይመስለኛል፤ እንዲህ በግልጽ ስጽፈው አሁንም ፊቴ ይቀላል።

ሁለት አቅራቢዎች ቀረቡ። አንደኛው የዚያው ዓመት ምርት የሆነ፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ላፕቶፕ አቀረበ። ሁለተኛው የሞጣ ነጋዴ ነው። እሱ ያመጣው ሁለት ዓመት ያለፈው ሞዴል ነበር፤ ያልተነካ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ወፍራምና አመድማ። ሲወጣ እጅግ ውድ የነበረ የቢሮ ዕቃ ነው፤ ሞዴሉ ስላለፈበት ብቻ ዋጋው ወርዶ ከቀጭኑ ጋር እኩል ሆኗል። ማጠፊያው ብረት ነው፤ ባትሪው ይወጣል፤ መረጃ የሚቀመጥበት ዲስኩ አንድ ብሎን ሲፈታ ይመዘዛል። እኔ በቅጼ መሠረት ለዘመኑ ዜሮ ሰጠሁት። ለውፍረቱም ቀነስኩበት።

ነጋዴው ቢሮዬ ድረስ መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አንድ ቀን ብቻ እንድናሠራቸው ለመነኝ። ገንዘብ አላቀረበም፤ ቅር ያሰኘውም ሽያጩ ብቻ አልነበረም፤ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሰኔ ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው። በጀቱ ካልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል፤ ኃላፊው በቀን ሦስት ጊዜ ይጠራኛል። ጊዜ የለንም ብዬ ሸኘሁት። ካርቶን ሳልከፍት፣ ማጠፊያ ሳልነካ፣ ከወረቀት ወረቀት ገልብጬ ጨረስኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ዘመናዊና ቀላል ሲሆን ለዋጋው ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመችው ግን ሌላ ሰው ናት።

ዓለምነሽ የመሬት ይዞታ መዝገብ ጸሐፊ ነበረች። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረች የገበሬውን ስም፣ የማሳውን አዋሳኝ፣ የወራሾቹን ዝርዝር እዚያው ባለይዞታው ፊት ላፕቶፑ ላይ ትመዘግባለች። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ። ሥራዋን የምትወድ፣ ስም ስትጽፍ ሁለት ጊዜ አንብባ የምታሰማ ሰው ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ አገር የሚያከብራቸው። መረጃውን የምትገለብጥበት ተጨማሪ ዲስክ እንዲሰጣት በደብዳቤ ጠይቃ ነበር፤ በሚቀጥለው በጀት ይታያል ተባለች።

በተገዛ በስድስተኛው ወር ላፕቶፑ ሞተ። ጠረጴዛዬ ላይ አምጥታ አስቀመጠችው። ስፈታው ነገሩን ወዲያው አየሁት። የማጠፊያው ብሎኖች የታሰሩት ብረት ላይ አልነበረም፤ ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ ነሐሶች ላይ ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ፕላስቲኩን ይጎትታሉ። ውሎ አድሮ ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ፣ ማጠፊያው ተነቅሎ፣ የስክሪኑን ገመድ ቆርጦ ማዘር ቦርዱን አቃጥሎታል። ዲስኩን አውጥቼ መረጃውን ላድን ፈለግሁ። የሚወጣ ዲስክ የለውም። መረጃው የሚቀመጥበት ቺፕ ከተቃጠለው ቦርድ ጋር ተበይዷል። የስምንት ቀበሌ ሥራ እዚያ ውስጥ ቀረ።

ይህ ሁሉ በሆነበት ሰሞን ከነዚያ ቀበሌዎች በአንዱ የወሰን ክርክር ነበር። ወሬው ወዲያው ተነሳ፤ ጉቦ በልታ መዝገቡን ሆን ብላ አጠፋችው ተባለ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ከእኔ የቴክኒክ አስተያየት ጠየቀ። አንድ መስመር በቂ ነበር፤ ዕቃው ከሥሪቱ ደካማ ነው፣ እሷ አልሰበረችውም፣ የሚል። ያን ብጽፍ ቀጣዩ ጥያቄ ማን መርጦ ገዛው የሚል ነው። ስለዚህ «በአያያዝ ጉድለት ወይም በኃይል በመክፈት የደረሰ ብልሽት ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። «ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ እጠላታለሁ። ውሸት ላለመናገር የሚያስችል ውሸት ናት።

ዓለምነሽን ከደረጃዋ አውርደው ሩቅ ቀበሌ መደቧት። ጉቦውን ማንም አላረጋገጠም፤ ማንም አላስተባበለምም። አባቷ ወሬው ከደረሳቸው በኋላ ሰንበቴያቸው መሄድ ተዉ። ገበያ ላይ ሳገኛቸው እንደ ወትሮው ባርኔጣዬን አነሳሁ፤ እሳቸውም ምንም ስለማያውቁ መረቁኝ። ያ ምርቃት ያን ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዚያ የቀሩት ላፕቶፖች ተራ በተራ ይመጡ ጀመር። አንዱ ከቢሮ ወጥቶ የማያውቅ ነው፤ ሌላው በልብስ ተጠቅልሎ የተያዘ ነው። ሁሉም ያው ማጠፊያ፣ ያው ስንጥቅ። አምስት ማጠፊያ ስነቅል ቆየሁና ስድስተኛውን ስፈታ በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት መጣብኝ። ማጠፊያዎቹን በፌስታል ይዤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሞጣ ወረድኩ።

አያ ፈንታ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሱ። ላፕቶፕ ነክተው አያውቁም። ግን ፕላስቲኩ የተቀደደበትን ቦታ ሲያገኙት ቆም አሉ። ከምን ጋር እንዳስተያየሁት ጠየቁኝ። ከወረቀት ጋር አልኳቸው። የሞጣውን ነጋዴ ነገርኳቸው፤ የጻፍኩትንም አስተያየት ቃል በቃል ነገርኳቸው። የጠበቅሁት ቁጣ አልመጣም። ፌስታሉን መለሱልኝ።

«ልጀ፣ ማሽኑን እንጂ ሰውን አጣሞ መግጠም አላስተማርኩህም» አሉኝ። ምሳ ቀርቦ አብረን በላን፤ እኔ ግን የበላሁትን አላውቅም።

ቢቸና ተመልሼ ዕቃው ከሥሪቱ ደካማ ነው፣ ዓለምነሽ አልሰበረችውም የሚል ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ። ስድስቱን ማጠፊያዎች በሲባጎ አስሬ፣ እያንዳንዱ ላይ የማን እጅ እንደነበረ፣ ስንት ወር እንደሠራ፣ ምን እንደሰበረው በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋው።

«ይህ ፋይል እኮ ተዘግቷል። ብትተወው ለአንተም ይሻላል» አለኝ።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ። እኔው እከፍተዋለሁ» አልኩት።

ሁለት ወር አንገላቱኝ። አስተያየት የሚለዋውጥ ባለሙያ ተባልኩ፤ ከሷ ጋር ዝምድና አለው ተባልኩ፤ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ። ቅጣቱ ይገባኛል፤ እንዲያውም አነሰ። ያበገነኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ስብሰባ ውስጥ የጠየቁኝ ስለ ቃለ ጉባኤው ቁጥር፣ ስለ ፊርማው ቅደም ተከተል ነው። ማጠፊያዎቹን አንስቶ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። የሚቀጥለው ዓመት ግዥ ሲደርስ የእኔን ቅጽ መልሰው አወጡት። ሁለት ረድፍ ልጨምርበት አልኳቸው፣ ሲሰበር ይጠገናል ወይ፣ መረጃው ይወጣል ወይ፣ የሚል። መመሪያው ለዘመኑ ነጥብ ስጥ ይላል፣ ለጥገና አይልም አሉኝ። መመሪያው የሚሉት እኔው በስንፍና የጻፍኩትን ወረቀት ነበር።

ዛሬ ላፕቶፕ የምትገመግሙ ሁሉ፣ እናንተ ካርቶን ስትከፍቱ የምታዩት የመጀመሪያውን ቀን ነው። ዕቃው የሚፈረድበት በስድስተኛው ወር ነው፤ ባጃጅ ላይ ከተንገጫገጨ፣ አንድ ሺህ ጊዜ ከተከፈተና ከተዘጋ በኋላ። ያን ማየት ካልቻላችሁ ቢያንስ ፈታችሁ ማጠፊያውን በጣታችሁ ዳስሱት። በዚያው ገንዘብ ካለፈው ዓመት፣ ካቻምና ከወጡት ምን ይገኛል ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ ሆኖ ከእጅ የማይሻል ዶማ ከሆነ፣ ከእጅ አይሻልም በሉ። ርካሽ የሚገዛው ሌላ መግዣ የሌለው ሰው ነው፤ ቢሰበርበት ሁለተኛ የለውም። ሀብታሙን ብታሳስቱት ይናደዳል፤ ድሀውን ስታሳስቱት ግን ሥራው አብሮ ይሄዳል። ለድሀ የሚመከር ዕቃ ሚዛኑ መጥበቅ ሲገባው ይላላል፤ ይኼ ያንገበግበኛል።

ዓለምነሽ በተቀጣች በአስራ አንደኛው ወር ወደ ደረጃዋ ተመለሰች። ከክሱ ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጣት። ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ጠይቄ ነበር፤ አልተለጠፈም። ወሬ በገበያ ይዞራል፤ ደብዳቤ በፋይል ይቀመጣል። አባቷ ወደ ሰንበቴያቸው አልተመለሱም።

ሥራ የጀመረች ዕለት እንኳን ደህና መጣሽ ልላት ገባሁ። የሰጧት ላፕቶፕ ከዚያው ግዥ የተረፈ ነበር። ክዳኑ አልቆም ብሎ ከጀርባው በመዝገብ ክምር ተደግፏል። አጠገቡ ወፍራም ደብተር ተከፍቷል። ስሙን፣ አዋሳኙን፣ ወራሾቹን መጀመሪያ በእስክሪብቶ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች፤ ከዚያ ያንኑ መልሳ ትተይባለች። ቆሜ ሳያት ነገሩ ከበደኝ። አሁን ተጨማሪ ዲስክ ተገዝቷል፤ በየዓርቡ እኔ ራሴ መጥቼ እገለብጥልሻለሁ፣ ሁለቴ አትልፊ አልኳት።

እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም። «ጋሽ ይትባረክ፣ ቂም የለኝም። እውነቱን እንደጻፉ ሰዎች ነግረውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። «ግን እርስዎ ደህና ነው ያሉትን ሁሉ በእጄም እጽፈዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ሦስት ዓመት በሯ ፊት ለፊት ሠራሁ። በየዓርቡ እየገባሁ ገለበጥኩላት፤ በየዓርቡ አመሰገነችኝ። ሦስቱንም ዓመት ሁለቴ ስትጽፍ አየኋት።